የዶፈን ጭስና የኤርታ አሌ እሳት፦ በመሬት መንቀጥቀጡ ወራት መረጃ ሳጣራ ያገኘሁት ልምድ

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ በቀጣዮቹ ወራት ሲደጋገም፣ በምሠራበት የዜና ክፍል የእኔ ድርሻ ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚመጡ ፎቶዎችን፣ ቪዲዮዎችን፣ የድምፅ መልእክቶችንና ደብዳቤዎችን አጣርቶ ለአርታኢዎች ማቅረብ ነበር። ይህን የምጽፈው በማኅበረሰብ ሬዲዮዎች፣ በአነስተኛ የኦንላይን ሚዲያዎችና ብዙ ተከታይ ባላቸው የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ተመሳሳይ ኃላፊነት ለተጣለባቸው ወጣት ባልደረቦቼ ነው። ብዙዎቹ የመረጃ ማጣራት ሥልጠና የማግኘት ዕድል አልገጠማቸውም፤ ያገኙትም ቢሆኑ የሥልጠናው ምሳሌ፣ የሰዓት አቆጣጠሩና ቋንቋው የሌላ አገር ስለሚሆን፣ ወደ ሥራ ገበታቸው ሲመለሱ የተማሩት ከሚያጋጥማቸው ነገር ጋር አልገጥም ይላቸዋል።

የመሬት መንቀጥቀጡን የመረጥኩት ጉዳዩ ከፖለቲካ የራቀ በመሆኑ አንባቢ ወገን ሳይለይ አሠራሩን ብቻ እንዲመለከት ስለሚያስችል ነው። ከዚህም በላይ፣ በእነዚያ ወራት በእጃችን ካለፉት መረጃዎች ውስጥ ከባዶ የተፈበረኩት ጥቂት ነበሩ። ምስሉ በእርግጥ የተቀረጸ ነው፤ የሚታየውም ነገር የሆነ ነው፤ የተሳሳተው ቦታው፣ ጊዜው ወይም መጠኑ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ቪዲዮ ሲቀርብልኝ “እውነት ነው ወይስ ሐሰት?” ብዬ አልጀምርም። በትክክል ምን እንደተባለ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያም የተባለውን እየነጣጠልኩ አንድ በአንድ እመረምራለሁ።

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል በዶፈን ተራራ አካባቢ ከተሰነጠቀ መሬት ውስጥ ጭስ የመሰለ ነገር በኃይል ሲወጣ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች መሰራጨት ጀመሩ። አብረዋቸው የመጡት ጽሑፎች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር፤ አንዱ በአቅራቢያው ያለውን ሌላ እሳተ ገሞራ ጠቅሶ “ፈንታሌ ፈነዳ” ይላል፣ ሌላው “ቅልጥ አለት ወደ መንደር እየፈሰሰ ነው” ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቪዲዮው የቆየና የሌላ አገር ስለሆነ ማንም እንዳይደናገጥ ይመክራል። በወረቀቴ ላይ የሰፈሩት ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፦ ከመሬት የሚወጣ ነገር አለ ወይ? ካለስ ምንድን ነው? ቦታው ዶፈን ነው ወይስ ፈንታሌ? የተቀረጸውስ በዚያው ቀን ነው ወይ? የአንዱ መልስ “አዎ” ስለሆነ የሌላውም “አዎ” ይሆናል ማለት አይደለም፤ ብዙ የዜና ክፍሎች የሚቸገሩትም አራቱን እንደ አንድ ጥያቄ ሲቆጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቪዲዮውን ወደ ፎቶ መከፋፈል ነው። ኢንቪድ የተባለው የብሮውዘር መገልገያ ይህን ይሠራል፤ እሱ ከሌለ ቪዲዮውን እያቆሙ ስክሪንሾት ማንሳት ይበቃል። የተገኙትን ምስሎች በጉግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ ፈለግኳቸው። ሦስቱንም የምጠቀመው አንዱ ያላገኘውን ሌላው ስለሚያገኝ ነው፤ በተለይ ቲንአይ ውጤቱን ከቆየው ጀምሮ መደርደር ስለሚችል ምስሉ መጀመሪያ የታየበትን ጊዜ ለመገመት ይረዳል። የዶፈኑ ቪዲዮ ቀደም ብሎ የትም አልታየም። ይህ ጥሩ ምልክት ቢሆንም ማረጋገጫ ግን አይደለም፤ ከቴሌግራም ወይም ከዋትስአፕ ግሩፕ ውጭ ያልወጣ አሮጌ ቪዲዮ በምስል ፍለጋ አይገኝምና።

ስለዚህ የቀረጸውን ሰው መፈለግ ነበረብን። ቪዲዮው ያለፈባቸውን ግሩፖች ወደ ኋላ እየተከተልን፣ ያስተላለፈውን ሁሉ “ከማን አገኘኸው?” እያልን በአካባቢው በሥራ ላይ የነበረ አንድ ሰው ጋ ደረስን። “ካላስቸገርኩህ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን እንደ ፋይል አድርገህ ላክልኝ” አልኩት። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ በተለመደው መንገድ የተላከን ምስል ሲያሳንሱ የተቀረጸበትን ቀንና የመሣሪያውን ዓይነት የሚገልጸውን መረጃ ያጠፉታል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ይህ መረጃ ሳይጠፋ የመምጣት ዕድል አለው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ካለበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮ በዙሪያው ያሉትን ተራሮች እንዲቀርጽልኝ ነበር። “ወደ ስንጥቁ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትጠጋ” የሚለውን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ለማጣራት ብለን ማንንም ወደ አደጋ እንዲቀርብ መጠየቅ የለብንም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጠየቅ መረጃው ሳይረጋገጥ ቢቀር እመርጣለሁ።

በላከልኝ ምስል ላይ የሚታየውን የተራራ ጫፍ በጉግል ኧርዝ ካለው የዶፈን አካባቢ መልክዓ ምድር ጋር አስተያየሁት። በጉግል ኧርዝ እይታውን ከሰማይ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ቀራጩ ቆሞበታል ከሚባለው አቅጣጫ ማየት ይቻላል። ዛፍ ይቆረጣል፣ ቤት ይፈርሳል፣ የተራራ ጫፍ መስመር ግን በጥቂት ዓመታት አይለወጥም። ይህ ዘዴ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው የካሜሩን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወታደሮች ሴቶችንና ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ የአገሪቱ መንግሥት መጀመሪያ ሐሰተኛ ነው ብሎ አጣጥሎት ነበር፤ “አፍሪካ አይ” የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም ጋዜጠኞች ግን ቦታውን በተራራው ጫፍ፣ ወቅቱን ደግሞ በጥላና በሳተላይት ምስል አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ወታደሮች እያንዳንዳቸው የ10 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ይህን የማነሣው ማጣራት ማለት “ሐሰት” የሚል ማህተም ማተም ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ስለሆኑ ነው። የዶፈኑን ቪዲዮ “የሌላ አገር ነው” ብለው ያጣጣሉ ሰዎችም በቅን ልቦና ሕዝብን ለማረጋጋት ብለው ያደረጉት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአካባቢው ከመኖሪያው መልቀቅ ለነበረበት ነዋሪ የእነሱ ማጽናኛ ከተጋነነው ዜና ያልተናነሰ አደገኛ ነበር።

የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን የተራራ ጫፍ አይረዳም፤ ያንን የሚመልሰው የዘርፉ ባለሙያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በዚህ ላይ የሚሠራ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም አለ። ባለሙያዎች በወቅቱ ያስረዱት የሚወጣው እንፋሎት፣ ጋዝ፣ አቧራና ጭቃ እንጂ ቅልጥ አለት እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ የጻፍነው ዘገባ ቪዲዮውን እውነተኛ፣ ቦታውን ዶፈን፣ “ቅልጥ አለት ፈሰሰ” የሚለውን ግን የተሳሳተ ብሎ ለየብቻ አስቀመጠው። አርታኢዬ አንድ ቃል ፈልጎ ነበር፤ አንድ ቃል ግን አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቪዲዮ በሰፊው ተሰራጨ። በሌሊት የተቀረጸ ነው፤ ቀይ ቅልጥ አለት ይፈላል፤ ከላይ “አፋር” የሚል ጽሑፍ አለበት። ቀስ ብሎ ለሚያየው በጉድጓዱ አፋፍ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። ምስሉን አጉልቼ ስመለከተው ነጥቦቹ በሰዎች ግንባር ላይ የታሰሩ መብራቶች ናቸው፤ ሰዎቹም ቆመው ፎቶ ያነሳሉ እንጂ አይሸሹም። ይህ ሌሊት ላይ ኤርታ አሌን የሚጎበኙ ቱሪስቶች የተለመደ ትዕይንት ነው፤ ፍለጋውም ከዓመታት በፊት በጉዞ ገጾች ላይ የወጣውን ይህንኑ ቪዲዮ አመጣልኝ። “አፋር” የሚለው ጽሑፍ እውነት ነው፤ እሳቱም እውነት ነው፤ ኤርታ አሌ ግን ከዶፈን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ርቆ ይገኛል። እንዲህ ያለው መረጃ ከሌላ አህጉር ከመጣ ቪዲዮ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ መልክዓ ምድሩም፣ አለባበሱም፣ አንዳንዴ የሚሰማው ቋንቋም የአገር ቤት ስለሚሆን ዓይን አይጠራጠርም።

አሁን ስለ ሰዓት ልጻፍ፤ የእኛ አገር አጣሪ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነውና። የአሜሪካው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋምና የአውሮፓ ሜዲትራኒያን የርዕደ መሬት ማዕከል መንቀጥቀጥ በተከሰተ በደቂቃዎች ውስጥ ዝርዝሩን ያወጣሉ፤ ሰዓቱ ግን በአብዛኛው በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ አነባበባችን ደግሞ ከፈረንጆቹ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲደመሩ በአቋራጭ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ነው። ታኅሣሥ 26 የደረሰውና ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው መንቀጥቀጥ በዓለም አቀፉ ሰዓት 00:52 ሲሆን (00ን እንደ 12 ቆጥረን 3 ስንቀንስ) በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ስክሪንሾት መጣልን። ስለ መንቀጥቀጡ የተጻፈ የፌስቡክ ፖስት ነው፤ ቀኑ ጃንዋሪ 3 ምሽት ይላል። መንቀጥቀጡ የደረሰው ጃንዋሪ 4 ሌሊት ስለሆነ አስተላላፊዎቹ “ቀድመው ያውቁ ነበር፣ ደብቀውን ነው” የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ስክሪንሾቱ የተነሣው ግን ዋሽንግተን ከሚኖር ሰው ስልክ ነበር። ፌስቡክ ሰዓቱን የሚያሳየው ፖስቱን በሚያየው ሰው አካባቢ ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ወራት ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ከ52 ሲሆን እዚያ ገና የዋዜማው ምሽት 1 ሰዓት ከ52 ነው። ፖስቱ የተጻፈው ከመንቀጥቀጡ በኋላ ነበር። ውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚልኩልን ስክሪንሾት ሁሉ ሲደርሰን ሰውየው የት አገር ሆኖ እንዳነሣው መጠየቅ ልማድ ሊሆን ይገባል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው የመጠን ልዩነት ነው። አንዱ ተቋም 5.7፣ ሌላው 5.5፣ ሌላው 5.8 ሲል አንባቢ “ማን ነው የሚዋሸው?” ብሎ ይጠይቃል። ተቋማቱ የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎችና የስሌት ዘዴዎች ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ግምትም በኋላ ይስተካከላል። ቁጥሩን ከተቋሙ ስም ጋር መጻፍ እንጂ አንዱን ሐሰተኛ ማለት አያስፈልግም።

አንድ ፖስት መጀመሪያ የት እንደወጣ ስንፈልግ የፊደላችንን ጉዳይ መርሳት የለብንም። የፍለጋ ሞተር “ሐሰት” እና “ሀሰት”ን፣ “ዓለም” እና “አለም”ን ሁልጊዜ እንደ አንድ አያያቸውም። በዚህ ላይ አንዱ “የመሬት መንቀጥቀጥ” ሲል ሌላው “ርዕደ መሬት” ይላል፤ በአፋርኛና በኦሮምኛ የተጻፈው ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። አንድን ወሬ ስፈልግ በተለያየ አጻጻፍ እየደጋገምኩ እሞክራለሁ፤ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ካለም ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። የመጀመሪያው ፖስት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብዙ ሰው ሼር ባደረገው አማርኛ ጽሑፍ ሳይሆን በቦታው ያለ ሰው በራሱ ቋንቋ በጻፈው አጭር መልእክት ላይ ነው።

የድምፅ መልእክት ከሁሉም ይከብዳል፤ በምስል መፈለጊያ አይፈለግም፣ ተናጋሪው ስሙን አይናገርም፣ ከዘመድ ለዘመድ ስለሚተላለፍም አድማጩ ያምነዋል። በዚያ ታኅሣሥ አንድ ሰው በእርግጠኛ ድምፅ “ትልቁ መንቀጥቀጥ ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አዲስ አበባን ይመታል፣ ከውስጥ ሰው የሰማሁት ነው” ሲል የሚሰማበት መልእክት ተዛምቶ ነበር። ከጎረቤቶቼ አንዷ እናት ማታ ደውለው “ልጄ፣ አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጆቹን ይዤ ልውጣ ወይ?” አሉኝ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተናጋሪውን ማንነት ማሳደድ አያስፈልግም፤ የተነገረውን ነገር ዓይነት ማየት ይበቃል። “እማማ፣ መሬት የሚንቀጠቀጥበትን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ባለሙያ በዓለም ላይ የለም፤ በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ የነገረዎት ሁሉ የማያውቀውን ነው የተናገረው” አልኳቸው። ነገር ግን “ሐሰት ነው፣ ይተኙ” ብዬ ስልኩን አልዘጋሁም፤ አካባቢው በእርግጥ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ድንገት ቢሰማ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን እንዲርቁ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ፣ ወደ ደረጃና ወደ ሊፍት እንዳይሮጡ ነገርኳቸው። በማግስቱ ባወጣነው ዘገባም ከማስተባበያው እኩል ቦታ የሰጠነው ለዚህ ምክር ነበር። ስጋት ውስጥ ላለ ሰው “አትመን” ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ምን ያድርግ የሚለውን ካልነገርነው መልሶ ወደዚያው የድምፅ መልእክት ይሄዳል።

ወደ ደብዳቤ እንሂድ፤ በአገራችን ደብዳቤ ያልተሰጠው እምነት የለምና። ማህተም ያለበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ሲመጣ ጋዜጠኛው ራሱ ይረታል። በጥር ወር ትምህርት ቤቶች ላልተወሰነ ጊዜ ይዘጋሉ የሚል የአንድ ቢሮ ደብዳቤ የመሰለ ነገር ደረሰን። መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው፤ ጥር 11 ቀን 2017 ይላል። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ እሑድ ቀን ላይ ውሏል። በበዓልም በእሑድም ሥራ የሚገባ ሰው ሊኖር ስለሚችል ይህ ብቻውን አያስፈርድም፤ ለጥርጣሬ ግን በቂ ነው። ቀጥሎ ማህተሙን አጎላሁት። በእጅ የተመታ ማህተም በአንድ ወገን ይደምቃል፣ በሌላው ይደበዝዛል፣ በፊርማውና በቲተሩ ላይ ሲያርፍም ቀለሙ ይደራረባል። የዚህኛው ማህተም ዙሪያውን እኩል የደመቀ ነው፤ የፊርማው መስመርም ከማህተሙ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ይቀራል። ከቢሮው የቀድሞ እውነተኛ ደብዳቤ ጋር ሳስተያየው የማህተሙ ማዘንበል እንኳ አንድ ሆነ፤ ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ ነበር። በአካሉ ላይ ያለው ጽሑፍም ከራስጌው በተለየ ፎንት የተጻፈ ነው።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላም አላበቃሁም፤ የመጨረሻው መልስ ያለው መዝገብ ቤት ነው። ማንኛውም ወጪ ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል፤ ስለዚህ የቢሮውን ስልክ ደብዳቤው ላይ ካለው ሳይሆን ቀድሞ ከነበረኝ መዝገብ አውጥቼ ደውዬ “በዚህ ወጪ ቁጥር የወጣው ደብዳቤ ለማን ነው?” ብዬ ጠየቅኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ መዝገቡን ገልጠው ቁጥሩ ከሳምንታት በፊት ስለ ጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ለወጣ ደብዳቤ የተሰጠ መሆኑን ነገሩኝ። ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ብቻ ደውሎ “ከእኛ አልወጣም” የሚለውን ቃል ተቀብሎ መጻፍ ግን አልመክርም። ሾልኮ የወጣ እውነተኛ ደብዳቤም “ከእኛ አልወጣም” ሊባል ይችላል፤ ኃላፊው ማስተባበሉ የሚዘገብ ነገር ነው እንጂ የማጣራታችን ውጤት አይደለም።

የተመሳሰሉ ፔጆችንም በአጭሩ ላንሣ። በፌስቡክ የፔጁ ግልጽነት በሚለው ክፍል ፔጁ መቼ እንደተከፈተና ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀየረ ይታያል፤ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ስም የሚጽፍ ፔጅ ባለፈው ዓመት የልብስ መሸጫ የነበረበት ጊዜ አለ። የሚጠፋ ፖስት ስለሚበዛም ወደ መመርመር ከመግባታችሁ በፊት ሊንኩንና ስክሪንሾቱን ከነቀኑ አስቀምጡ፤ በኢንተርኔት ማኅደር ላይ ማስቀመጥ ከተቻለ ደግሞ የተሻለ ነው።

ውጤቱን ስትጽፉ የሐሰቱን ቃል አርዕስት አታድርጉት። ብዙ ሰው አርዕስቱን ብቻ አንብቦ ያልፋል፤ “ትምህርት ቤቶች ተዘጉ የሚለው ሐሰት ነው” ከማለት “ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸው” ማለት ይሻላል። “ሐሰተኛ” የሚለውን ቃል በግለሰብ ስም ላይ ከመለጠፋችሁ በፊትም ደግማችሁ አስቡ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨት በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እኛ በግዴለሽነት የምንጽፈው ቃል ፈርቶ ለጎረቤቱ ያስተላለፈን አንድ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል። እኔ መረጃውን እንጂ ተራውን አስተላላፊ በስም አልጠራም፤ በስክሪንሾት ላይም ስሙንና ፎቶውን እሸፍናለሁ።

“ማረጋገጥ አልቻልንም” የሚል ውጤት ለአርታኢ ማቅረብ ይከብዳል፤ በተለይ ሌሎች ሚዲያዎች ቀድመው ሲያወጡት። በዚያ ወቅት ስለፈረሱ ቤቶች ብዛት የሚመጡልን ቁጥሮች እጅግ የተራራቁ ስለነበሩ አንዱንም አላወጣንም፤ ያወጣነው የትኛው ቀበሌ ውስጥ ቤት እንደፈረሰ በፎቶና በነዋሪ ቃል ያረጋገጥነውን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ስልክ የሚያነሣ ሰው ሲኖር ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ በጠፋበት ጊዜ፣ የምስል ፍለጋም የሳተላይት ካርታም ብዙ አይረዳም፤ የሚረዳው መደበኛ የስልክ ጥሪ ነው። ስለዚህ አደጋው ሳይደርስ በፊት በየወረዳው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪና የረጅም ርቀት ሹፌር ስልክ ያዙ። ቢቻል ከአንድ አካባቢ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይኑሯችሁ፤ አንዱ የነገራችሁን ለሌላው ሳትነግሩ “ምን አያችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። በዓል ሲመጣም እንኳን አደረሳችሁ በሏቸው፤ ችግር ሲመጣ ብቻ የሚደውልን ጋዜጠኛ ስልክ ሁልጊዜ የሚያነሣ የለም።